የሐጂ አደራ እና የእኔ ደም

ጁባ ውስጥ እርሳስ ሳቀልጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሩ ክፍት ነበር። ይህን ቀድሜ የማነሣው ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ ነገር ሁሉ በሩ ሲዘጋ ስለመጣ ነው።

ቤቱ አትላባራ ሰፈር ነበር። ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። የፊቱ ክፍል የሐጂ ሱቅ ነው፤ ፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት ይሸጡበታል። የኋላው የእኔ ነው፤ የሞተ ባትሪ አስነሣበታለሁ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው አባቴ ለመሆን ጥቂት ቢጎድለው ነው። ከእኔ ብዙ ቀድመው ጁባ ስለገቡ የከተማውን ዓረብኛ እንደ አማርኛቸው ያንበለብሉታል። እኔ ደግሞ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ሙያውንም ያገኘሁት እዚያ ነው። ውላችን በቃል ነበር፤ የተከራዩት ቤትና ዕቃው የእሳቸው፣ እጁ የእኔ።

የመኪና ባትሪ ሆዱን ሲከፍቱት እርሳስ ነው። የደከመውን ክፍል አወጣለሁ፣ ደህናውን አስቀራለሁ፣ የተበላውን በብረት ድስት አቅልጬ መገናኛውን በአዲስ አፈሳለሁ፣ አሲድ ሞልቼ ቻርጅ አደርጋለሁ። ሲቀልጥ ብር ይመስላል፤ ከላይ የሚሰፍረውን ግራጫ ዝቃጭ በጭልፋ እየገፈፍኩ መሬት ላይ እጥላለሁ። ያኔ ይህን ሁሉ የምሠራው ጓሮ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር ነበር። ሐጂ ከሱቅ ሆነው ይቀልዱብኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፣ ነፋሱም ጭሱን ይዞ ይሄዳል።

መርካቶ ያስተማረኝ ሰውዬ ሁለት ነገር ነው ያስያዘኝ፤ እርሳስ ማቅለጥና ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣት። ወተት እርሳሱን ያጥባል ይባላል። ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም፣ ባትሪ ሠሪውም ይህን ያምናል፤ መርምሮ ያረጋገጠ ግን አላጋጠመኝም። እኔም ጁባ ድረስ ይዤው መጣሁ። አንድ ሰማያዊ ኩባያ ነበረችኝ፤ ማታ ማታ የዱቄት ወተት በጥብጬባት እጠጣለሁ፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ እመልሳታለሁ። ሐኪም ያዘዘልኝ ያህል እርግጠኛ ነበርኩ።

በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ ሁለት ሺህ ስድስት ላይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሣ። ሐጂና እኔ ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ ተኝተን የቆርቆሮውን መንቀጥቀጥ ስናዳምጥ ሰነበትን። ረገብ ሲል ካምፓላ ያሉት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በስልክ እያለቀሱ መቆሚያ አሳጧቸው። ወደ ኡጋንዳ ድንበር፣ ወደ ኒሙሌ፣ የሚሄድ መኪና ሲገኝ ሐጂ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥለው ወጡ። ቁልፉን እጄ ላይ አድርገው መዳፌን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«ቤቱን አደራ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ንቅንቅ አልልም» አልኩ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል፤ ሌባ ቢያንስ ማንም አላመነውም። እሳቸው በሄዱ ማግስት ተከራይቼ የነበርኩባትን ክፍል ለቅቄ ፍራሼን ወደ ሱቁ አመጣሁ፤ ሰው የማያድርበት ቤት በዚያ ሰሞን ይሰበር ነበር። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ድስቱንም ከኒሟ ሥር አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ጭስ ጓሮ ከታየ ሰው እንዳለ፣ ሥራም እንዳለ ይታወቃላ። የፈራሁት ከውጭ የሚመጣውን ነበር።

ሥራው ግን በዛ። አዲስ ባትሪ እንደ ልብ መግባቱ ቀረ፤ ማታ አንዲት አምፖል ማብራት የሚፈልግ ሁሉ አሮጌውን ተሸክሞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ቆርቆሮውን ያንኳኳሉ።

«ሐበሺ! ባታሪያ ፊ?»

«ፊ፣ ፊ» እላለሁ፣ አለ ማለቴ ነው፤ በሩን በስንጥቅ ከፍቼ እቀበልና መልሼ እዘጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍ የምሰማው ይኸው ነበር። የተረፈውን ሰዓት ከድስቱ ጋር ነኝ። ቆርቆሮ ቤት በጁባ ፀሐይ ምን እንደሚሆን መቼም አይነገርም። ጭሱ ጣሪያ ሥር ይሰበሰባል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይወርዳል፤ በፍራሹ፣ በትራሱ፣ በመደርደሪያው ላይ ግራጫ ብናኝ ሆኖ ያርፋል። ጠዋት በእጄ እጠርገዋለሁ። በዚያው እጄ እበላለሁ።

ሐጂ አርብ አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይደውላሉ።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«ቤቱ ደህና ነው፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ። አደራ።»

ይኸው ነው። ከዚህ አያልፍም፤ ስልኩ እስኪሞቅ እንኳ አይቆይም። እኔ ግን ከሐሙስ ጀምሬ ስልኬ ባትሪው እንዳያልቅ እጠነቀቅ ነበር። በዚያ ከተማ ስሜን የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ለደንበኞቼ ሐበሺ ነኝ፣ ለጎረቤቶቼ የተዘጋ በር ነኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደዚያ ዓመት አጥብቄ ጾሜ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ በአፌ አላዞርም። ለጽድቅ ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው። ብቻውን የሚውል ሰው ቀኑ ወገብ የለውም፤ ጾሙ ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት የሚባል የምጠብቀው ነገር ሰጠኝ። በባዶ ሆዴ አቀልጣለሁ፣ በባዶ ሆዴ እገፍፋለሁ። ወተቷም በጾም ምክንያት ቀረች።

መጀመሪያ የተለወጠው አፌ ነው። የጎረስኩ ይመስል ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል። ቀጥሎ ሆዴ፤ ይቆርጠኛል፣ ይታሰራል፣ እጥፍ አድርጎ ያስቀምጠኛል። ከዚያ ትንፋሼ። በአንድ እጄ እያንጠለጠልኩ የማወጣውን ባትሪ በሁለት እጄ አቅፌ ግማሽ መንገድ ላይ አስቀምጬ አርፋለሁ። ጥፍሮቼ ነጡ። ራሴን ያዞረኛል፤ ጆሮዬ ውስጥ የሩቅ ጄኔሬተር ያለ ይመስለኛል፣ ልብ ብዬ ሳዳምጠው የራሴ ልብ ነው።

ወተቱ ስለቀረ ነው አልኩ። ፋሲካ ሲፈታ በእጥፍ ጠጣሁ። አልተሻለኝም።

ጁባ ውስጥ ሰው ከታመመ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፤ ሁለቱም ካልሆኑ ሁለቱም ናቸው። የወባውን ኪኒን ጨረስኩ፣ የታይፎይዱን ጨረስኩ፣ ደግሞ የወባውን ደገምኩ። አንዱ መድኃኒት ቤት የዐይኔን ሽፋን ገልብጦ አየና ደም ማነስ ነው ብሎ ብረት ያለበት ኪኒን ሰጠኝ። ቀይ ሥር ቀቅዬ በላሁ፣ ጉበት ፈልጌ በላሁ። ሁሉም ሆዴን አሳስሮ ከማስጮህ በቀር አልረባኝም። ማንም ሥራህ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም መናገር ያለብኝ ነገር መሆኑን አላወቅሁም።

ጠባዬም ተበላሸ። ከድሮም ትዕግሥተኛ አይደለሁም፣ ግን ያኔ የበሩ መንኳኳት ራሱ ያሰድበኝ ጀመር። መንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ያለቻቸው፣ እትዬ የምላቸው አንዲት የጎንደር ሴት ነበሩ፤ ተኩሱ እንኳ ከቦታቸው አላስነሣቸውም። ድሮ ከሐጂ ጋር እየተጠራራን ሻይ የምንጠጣው እሳቸው ጋ ነበር። ሰው ፊት መቀመጥ ሲያስጠላኝ ምሳዬን በሳህን እያስጫንኩ ወደ ጎሬዬ መሄድ ጀመርኩ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኔ ላይ ነገሩ ጊዜውን ጠብቆ እየመጣ ነበር።

ክረምቱ መሐል አንድ ቀን ሳህኑን ልመልስ ስሄድ እትዬ ክንዴን ይዘው ወደ ብርሃን ጎተቱኝ።

«አንተ ሰው፣ ፊትህ እኮ ያደረ ሽሮ መስሏል!»

«ወባ ነው፣ እትዬ።»

«የምን ወባ ነው እንደ ደመወዝ በየወሩ የሚመጣ? ዛሬ ቁጭ ብለህ ትበላለህ። ነገ ደግሞ ላቦራቶሪ የምትሠራ ደንበኛ አለችኝ፤ የአገሩ ልጅ ናት፣ ያደገችው ግን አዲስ አበባ ነው። እሷ ጋ እወስድሃለሁ፤ እንቢ ካልክ ሳህኔን አላበድርህም።»

ሳህኑ አስፈራኝ መሰለኝ፣ ሄድኩ።

ላቦራቶሪዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ልጅቱ ረጅም፣ ፀጥ ያለች፤ አማርኛዋ የፒያሳ ነው። ደም ቀዳችኝ፣ ጠበቅሁ። እትዬ ምግብ ቤታቸውን ብለው ተመለሱ። ልጅቱ ብዙ ቆይታ ብቅ አለች።

«ወንድም፣ ወባ ማፊ፣ የለም። ደምህ ግን ወንድ ልጅ ሊኖረው ከሚገባው ግማሽ ቢያልፍ ነው። እንዴት ቆመህ ሄድክ?»

«እያረፍኩ።»

ፈገግ አላለችም። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«ባትሪ።»

«መሸጥ?»

«ማደስ። እርሳስ አቀልጣለሁ።»

«ውጭ ነው ቤት ውስጥ?»

«ቤት ውስጥ።»

«የምትተኛውስ?»

«እዚያው።»

«ከማን ጋር?»

ይህቺኛዋ ጥያቄ የት እንደመታችኝ አላውቅም። «ብቻዬን» አልኩ፣ እሷም ወለሉን አየች። ከዚያ ጓንት አጥልቃ የታችኛውን ከንፈሬን ገለበጠች። ድዴ ከጥርሴ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሰማያዊ መስመር እንዳለ በትንሽ መስታወት አሳየችኝ፤ በእስክሪብቶ የተሰመረ ይመስላል። በየቀኑ ጥርሴን እፍቃለሁ፣ አንድ ቀን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። ለማን ብዬ ልስቅ?

«ና፣ ራስህ እይ» ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰችኝ።

የራሴን ደም እንደዚያ አይቼ አላውቅም። ክብ ክብ፣ ፈዘዝ ያሉ፣ የተራራቁ። አንዳንዶቹ ላይ ጠቃጠቆ አለ፤ ድፎ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰ ይመስላል።

«እነዚያን ነጠብጣቦች ታያለህ? ብዙ ጊዜ የእርሳስ ሥራ ናቸው» አለችኝ። «እርሳስ ሲገባ ደም የሚሠራበትን ሥራ ያስቆማል። ብረት አጥተህ አይደለም፤ ሰውነትህ ብረቱን ይዞ ደም ማድረግ አቅቶት ነው። እንደምንም የተሠራውም ዕድሜው ያጥራል። ለዚህ ነው ኪኒኑ ያልረዳህ።»

«ወተት እኮ እጠጣለሁ» አልኩ፤ እንደ ልጅ።

«ኩባያው የት ነው የሚቀመጠው?»

መደርደሪያዋ ከድስቱ በላይ ነበረች።

«ወተት ክፉ አይደለም፤ በሳንባ የገባውን ግን አያጥብም። በባዶ ሆድ ስትሠራማ በአፍህ የገባው ይብሳል።» ጾሜን አሰብኩና ሳቅ እንደ ማለት አለኝ፤ ሳቁ ግን አልወጣም። ቀጠለች፤ «መጠኑን የሚለካ መሣሪያ እኛ ጋ የለም፣ ናሙናው ካምፓላ ወይ ናይሮቢ መሄድ አለበት። ሐኪም ትታያለህ፣ እኔው እልክሃለሁ። ግን ከሁሉ በፊት ከዚያ ቤት ውጣ። ከወጣህ ደምህ ይመለሳል። አጥንትህ ውስጥ የገባው ለዓመታት እዚያው ይቆያል፤ እሱን እንግዲህ ምን እናደርገዋለን።»

ሐኪሙም አይቶ ያንኑ ነገረኝ፤ ውጣ።

ውጣ ማለት ለእነሱ ቀላል ነበር። እኔ እኮ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እየተመለስኩ ሳለ ቦዳ ቦዳው፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ሆኜ ሐጂን ምን እንደምላቸው አሰብኩ። ቤትዎን ጥዬ ወጣሁ? ሆዴን ስለቆረጠኝ? ሰው ለአደራ ልጁን ይቀጣል፣ ወንድሙን ይጣላል፤ እኔ ለሆድ ቁርጠት ቁልፍ ልመልስ? ከዚያም በታች፣ ለራሴም ደፍሬ ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ቤቱ ከሌለ አርብም የለም።

ስለዚህ እንደ ፈሪ መካከለኛ መንገድ ፈለግሁ። በሩን ከፈትኩ። አፌን በእርጥብ ጨርቅ አሰርኩ። ፍራሹን ወደ ፊቱ ክፍል ጎትቼ አመጣሁ። የኩባያዋን ቦታ ቀይሬ ላስቲክ አለበስኳት። ማቅለጡን ግን አልተውኩም፤ ባትሪ ሳይሠራ ቤቱ ኪራዩን አይችልም፣ ኪራይ ካልተከፈለ ደግሞ አደራው የት አለ? በዚህ ዓይነት ክረምቱን ገፋሁት። ቤቱ ደረጃ አልነበረውም እንጂ ቢኖረው በዚያ ትንፋሼ አልወጣውም ነበር።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ባትሪ አንሥቼ ስዞር የእጄ አንጓ ታጠፈ። እጄን አዘዝኩት፣ አልታዘዘኝም። ባትሪው ወርዶ ተሰነጠቀ፣ አሲዱ እየተንቸሰቸሰ ወለሉ ላይ ሄደ። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና የተንጠለጠለች መዳፌን አየኋት። እጁ የእኔ የተባለው እጅ ይህ ነው። አርብ ነበርና ስልኩ ጮኸ።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

ደህና ነው ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድስቱን ወደ ውስጥ ማስገባቴን፣ ነጠብጣቡን፣ የድዴን መስመር፣ እጄን። «ሐጂ፣ አደራዎን ልበላ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። በወዲያኛው በኩል ልጆች ሲስቁ ይሰማኛል።

«የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፤ «ያን ቤት እኮ እኔ ኒሙሌን ስሻገር ነው የተውኩት። ወላሂ፣ ልመለስበት አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ለምን አደራ ይሉኛል?»

«ጥዬህ መጣሁ። እኔ ከልጆቼ ጋር ተቀምጫለሁ፣ አንተ እዚያ ነህ። እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ፣ ብቻዬን ነኝ ብትለኝ፣ ምን ብዬ ልመልስልህ ነው? ቤቱን ጠየቅሁ። ቤቱን መጠየቅ ይቀላል።»

አሲዱ ወለሉን በልቶ ጨርሶ ፀጥ ብሎ ነበር።

«ዝጋው» አሉኝ። «ዕቃውን ሽጠህ ለመድኃኒትህ አድርገው። አደራዬን አንሥቻለሁ።»

ዘጋሁት። ቁልፉን ለባለ ይዞታው ሰጠሁ። ብናኙ ስላለባቸው ፍራሹንና ልብሴን ለሰው አልሰጠሁም፣ ቀበርኳቸው። ከቆርቆሮዎቹ ባሻገር ኒሟ ዛፍ እንደነበረች ቆማለች፤ ከሥሯ ግን ሣር አልበቀለም። ያን ሳይ ጓሮም ብንሠራ ደህና አልነበርንም አልኩ።

ሎሎጎ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጣሪያ ላይ እየወጣሁ የፀሐይ መብራት መትከል ጀመርኩ፤ ሥራው አየር ላይ ነው፣ ማቅለጥ የለበትም። መጀመሪያ ሰሞን መሰላሉ መሐል ላይ ቆሜ አርፍ ነበር። ምሳዬን እትዬ ጋ ተቀምጬ እበላለሁ፤ ሳህናቸውን እስከ ዛሬ አያበድሩኝም። እሑድ እሑድ በወንዙ ዳር ወደ ረጃፍ እሄዳለሁ፤ ዓሣ አጥማጆቹን አይቼ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ የማርፍበት ጊዜ እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ልጅቱ እንደገና ደም ቀድታኝ ራሷ ጠርታ አጎነበሰችኝ። ክቦቹ ቀይተዋል፣ ተጠጋግተዋል። አዝሙዱ የለም። «ኩዌስ፣ ጥሩ ነው» አለች፤ ያኔ ብቻ ነው ስትስቅ ያየኋት።

አንጓዬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከሁሉ የከበደኝ ግን እሱ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሐጂ አልደወሉም። አደራው ሲነሣ ስልኩም አብሮ ተነሣ። አፍረው ነው፤ አውቃለሁ። እኔም አፍሬ ነው። ደሜ በየወሩ እየሞላ አርብ ከሰዓቴ ግን እንደ ባዶ ሱቅ ይሰማኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ወር ትንፋሽ እስኪያጥረኝ የጠበቅሁት ቆርቆሮውን እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

የሁለተኛው ምርመራ ውጤት የተነገረኝ ሳምንት፣ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሎሎጎ የአንድ ደንበኛ ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጬ እኔው ደወልኩ። ወዲያው አነሡት። ድምፄን ሲሰሙ ትንፋሻቸው ተሰማኝ።

«ቤቱ…» ብለው ጀመሩ፣ ከልማድ። ቆሙ።

ልጆቹ የሉም መሰለኝ፣ ወዲያኛው ቤት ፀጥ ብሏል።

«አንተስ?» አሉ ሐጂ። «አንተ እንዴት ነህ?»